የጥምቀት ዕለት የሞተው ማሞቂያ

ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ እሁድ፣ ጥምቀት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በሩን ስንከፍት ቤቱ ከውጭ አይሻልም። እማዬ ለገና ብላ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለች። መብራቱስ አለ። የጠፋው ቤዝመንት ያለው ፈርነስ፣ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ማሽን ነው።

ያን ሳምንት ዋሽንግተን አካባቢ የነበራችሁ ብርዱን ትረሱታላችሁ ብዬ አላስብም። በማግስቱ የነበረው የፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ እንኳን በብርዱ ምክንያት ከደጅ ወደ ካፒቶል ውስጥ ገብቷል። እኛ ደግሞ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በ1984 በተሠራ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ውስጥ፣ በ1999 የተገጠመ ፈርነስ ይዘን «ዘንድሮን ይለፈንና» ስንል ከርመናል። ይኼን «ዘንድሮን ይለፈን» አራት ዓመት ብለነዋል።

ሰኞ በዓል ስለሆነ ቴክኒሻኑ የመጣው በድንገተኛ ሂሳብ ነው። ቀጭን ካሜራ አስገባና የሚያየውን በስልኩ አሳየኝ። እሳቱ የሚነድበት የብረት ሳጥን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ዙሪያው ዝገት። ጋዙን ዘጋ፣ «አትጠቀሙ» የሚል ቀይ ካርድ አንጠለጠለበት፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። (በነገራችን ላይ «ተሰንጥቋል» ብሎ ማስፈራራት የታወቀ የሽያጭ ዘዴ ነው። ስንጥቁን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ።)

ለእማዬ እንዴት ላስረዳት ብዬ ተጨነቅሁ። የእሳቱ ጭስ ከምንተነፍሰው አየር ጋር እንዳይቀላቀል ነው የዘጋው ብላት ወዲያው ገባት። «ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ እንደመተኛት ነዋ» አለች። በቃ፣ ያው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰሉ ገዳይ ነው፣ እዚህ በስንጥቁ አድርጎ ሞቃት አየር በሚያመጣው ቱቦ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ጋቢዋን ደረበችና «አዲስ አበባ ማሞቂያ ያለው ማነው? ተረጋጉ» ብላ ቡና አቀረበች። እህቴ ቤት ሂጂ ብንላት እምቢ አለች።

ሁለት የሚሰካ ማሞቂያ ገዛን። እያንዳንዱ 1,500 ዋት ነው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ስንሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን እማዬ ክፍል ለየናቸው። እኔና ባለቤቴ በብርድ ልብስ። የቧንቧ ውኃ እንዳይረጋ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እናደርጋለን።

እንግዲህ ዕቃ የሚመረጠው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው። ጥርስ እየተንቀጫቀጨ። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

መጀመሪያ የደወለው የባለቤቴ ዘመድ ነው። «የኛ ሰው አለ፣ ምን ያደርግላችኋል ኩባንያ?» የኛ ሰው መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ ዋጋውም ደስ ይላል፣ በካሽ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። የሜሪላንድ የፈቃድ ቁጥርህን ስጠኝ አልኩት። ተቀየመ። ጋዝና ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ለማቀዝቀዣው ጋዝ ደግሞ የፌዴራል ሰርተፊኬት አለ። ዘመድየው እስካሁን ሲያገኘኝ «አንቺ ሐበሻ አታምኚም» ይለኛል። ይበለኝ።

ሁለተኛው ከአንድ ትልቅ ኩባንያ የተላከ ነው። ታብሌት ይዞ ኩሽና ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ቤዝመንት ወርዶ የቆየው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የድሮውን ማሽን ስያሜ ፎቶ አነሳና ተመለሰ። ያ ፈርነስ በሰዓት 100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ነው፣ በበጋ የሚያቀዘቅዘን ኤሲ ደግሞ ሦስት ቶን (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ነው፣ ስለዚህ አዲሱም እንደዚያው። 80 በመቶ ፈርነስ (ከሚያነደው ጋዝ 80 በመቶውን ለቤቱ ሙቀት የሚያደርግ) ከኤሲ ጋር፣ 11,800 ዶላር፣ «ዛሬ ከፈረማችሁ» 10,900። ዛሬ ያላት ቅናሽ ነገ የት ትሄዳለች? እሱም አልመለሰልኝ።

ኤሲው ደግሞ ያለፈው ዓመት ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አር-410ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠራ የቤት ኤሲ አሜሪካ ውስጥ መመረት ቆሟል። በቦታው አር-454ቢ ወይም አር-32 ነው የሚገባው። መጋዘን የቀረውን መግጠም ግን ያኔ ይቻል ነበር፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ከዚህ በፊት ተቃጥያለሁ። የድሮው ኤሲያችን በአር-22 የሚሠራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እሱን ማምረትም ማስገባትም በ2020 ስለተከለከለ በ2023 በጋ ሁለት ፓውንድ ለማስሞላት 400 ዶላር ከፍያለሁ። አንድ ዓይነት ጉድጓድ ሁለቴ አልገባም አልኩ።

ሦስተኛው ሰው ሐሙስ ጠዋት መጣ። ከሥራ አድሬ መግባቴ ነው፣ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ሸምገል ያለ የኤል ሳልቫዶር ሰው፣ ጫማው ላይ የላስቲክ ሽፋን አድርጎ ገባ። ስለ ማሽን አንድም ቃል ሳይናገር ሜትር አወጣና መስኮት መለካት ጀመረ። መስኮት! እያንዳንዱን። የትኛው ወደ ምዕራብ እንደሚያይ ጻፈ። ጣሪያ ስር ወጥቶ ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግደውን ስፖንጅ ውፍረት ለካ። ቬንቶቹን፣ አየር ወደየክፍሉ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች፣ ቆጠረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «በበጋ ቤቱ ውስጥ የት ነው የሚቸግርሽ?» አለኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚቸግረኝ ላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ነው። ቀን ነው የምተኛው። ጁላይ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ታች ሳሎን 72 ዲግሪ ፋራናይት እያለ እኔ ጋ 82 ነው። አሥር ዓመት እንቅልፌን የማጣው ኤሲው አቅም ስላነሰው ይመስለኝ ነበር።

ሰውየው አንድ ስስ የመጸዳጃ ወረቀት ቀደደና መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ ከበሩ ስር አስጠጋው። ታች የማሽኑን ማራገቢያ ብቻ አስነስቶታል፣ ጋዙ እንደተዘጋ። ወረቀቱ ወደ ኮሪደሩ ተስቦ ተንቀጠቀጠ። «አየሽ? አየር በቬንቱ ይገባል፣ ተመልሶ መውጫ ግን የለውም። የፈለግሽውን ትልቅ ማሽን ግዢ፣ በሩ ከተዘጋ እዚህ ክፍል አይደርስም።» እዚያ ክፍል ላይ የአየር መመለሻ ቀዳዳ በጭራሽ አልተሠራም። ከ1984 ጀምሮ።

ስሌቱን በማግስቱ ላከልኝ። የኛ ቤት መሀል ላይ ነው፣ ግራና ቀኝ ጎረቤት አለ፣ ብርድ የሚመታው ፊትና ጀርባውን ብቻ። ለበጋ የሚያስፈልገው ሁለት ቶን ነው። አንድ ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት ማውጣት ነው። ስሙ የመጣው አንድ ቶን በረዶ በአንድ ቀን ሲቀልጥ ከሚወስደው ሙቀት ነው። ለክረምት ደግሞ 40,000 ቢቲዩ ፈርነስ ይበቃል። የነበረን 100,000! ለካ ያ ፈርነስ በየአምስት ደቂቃው እየተነሳ እየጠፋ፣ ኤሲውም ቤቱን ቶሎ አቀዝቅዞ እርጥበቱን ሳያወጣ የሚተኛው ለዚህ ነው። በበጋ ቤቱ ቀዝቅዞም አንሶላው እርጥብ እርጥብ የሚለኝ።

ቀጥሎ ሂት ፓምፕ ወይስ ጋዝ የሚለው መጣ። ባለቤቴ «ውጭ 40 ዲግሪ ሆኖ ከየት አምጥቶ ነው የሚያሞቀን?» ብሎ ሳቀ። ፍሪጃችሁን ከጀርባ ንኩት። የሚሞቀው ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ስለሚተፋ ነው። ሂት ፓምፕም ሙቀት አይሠራም፣ ከውጭ ለቅሞ ያስገባል። ስለዚህ የአንድ ዶላር ኤሌክትሪክ በልቶ የሦስት ዶላር ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ብርዱ ሲጠነክር ግን የሚለቀመው ይቀንሳል፣ ሦስቱ ወደ ሁለት ይወርዳል።

የኛን ቢል ይዤ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ኤሌክትሪክ ሁሉም ተደማምሮ ያኔ 18 ሳንቲም ነበር በኪሎዋት ሰዓት። ጋዝ 1.60 ዶላር በቴርም (100,000 ቢቲዩ)። ለ100,000 ቢቲዩ ሙቀት 96 በመቶ ፈርነስ 1.67 ያስወጣኛል። ሂት ፓምፑ ለዘብ ባለ ቀን፣ ሦስት ተኩል እጥፍ ሲሰጥ፣ 1.51። በከባድ ብርድ፣ ሁለት እጥፍ ብቻ ሲሰጥ፣ 2.64። እነዚያ ሁለት የሚሰኩ ማሞቂያዎች ደግሞ 5.28። እናንተ ጋ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ በራሳችሁ ቢል ሥሩት። እኛ ጋ ግን መልሱ ግልጽ ሆነ፦ ሁለቱም። ከ35 ዲግሪ በላይ ሂት ፓምፑ፣ ከዚያ በታች ጋዙ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ራሱ ይቀያይራቸዋል። በጋ ላይ ያው ሂት ፓምፕ ኤሲ ነው።

ሁሉም አንድ ላይ 15,600 ዶላር። የመኝታ ቤቱ መመለሻ ቀዳዳ ውስጡ አለ። ሌሎቹ ያልነገሩኝ አንድ ነገርም አለ። የድሮው ፈርነስና የጋዝ ውኃ ማሞቂያው አንድ ጭስ ማውጫ ነበር የሚጋሩት። አዲሱ 96 በመቶው ጭሱ በፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቧንቧ በጎን ይወጣል። ያኔ ውኃ ማሞቂያው ለብቻው ሰፊ ጭስ ማውጫ ላይ ይቀራል፣ ጭሱም በደንብ ሽቅብ ላይወጣ ይችላል። ውስጡ ጠባብ ብረት ቱቦ ይገባበታል፣ ለእሱ 900 ተጨመረ። ስለ ከሰሉ ከተነጋገርን በኋላ ይህን አልከራከርም።

ሞዴሉ መስፈርቱን ስላሟላ 2,000 ዶላር ከ2025 ታክሳችን የሚቀነስልን ሆነ። ይቺ የፌዴራል ቅናሽ ግን ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅታለች። አሁንም አለ የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ በሩን አሳዩት።

ሁለት ቀን ሠርተው ጨረሱ። እማዬ ለሠራተኞቹ እንጀራ በሽሮ አቀረበችላቸው፣ ሽማግሌው ደግሞ አስጨመረ። ማታ ላይ መጀመሪያ የገረመን ድምፁ ነው፣ ወይም አለመኖሩ። የድሮው ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዲሱ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ይሠራል። የሚወጣው አየር ግን እንደ ድሮው አይፋጅም፣ ለብ ያለ ነው። እማዬ እጇን ቬንቱ ላይ አድርጋ «ይኼ አልሞቀም» አለች። ቤቱ 70 ዲግሪ ነው። ጋቢዋን ግን አላወለቀችም።

ፌብሩዋሪ አንድ ጠዋት፣ ጭጋግ ያለበት፣ 37 ዲግሪ ገደማ። ከሥራ ገብቼ ከተኛሁ ሰዓት አልሞላኝም። እማዬ በሩን በርግዳ ገባች። «ተነሺ! ተነሺ! ውጭ ያለው እየጨሰ ነው!»

በባዶ እግሬ ወረድኩ። እውነትም ከማሽኑ ላይ ነጭ ደመና ይትጎለጎላል፣ የጎረቤት አጥር አይታይም። ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ሽማግሌው የነገረኝ ትዝ አለኝ። እርጥበት ባለበት ብርድ ማሽኑ ላይ አመዳይ ይይዛል፣ ራሱን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኤሲ ይገለበጣል፣ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ጭስ አይደለም።

«እንፋሎት ነው እማዬ። በረዶውን እያቀለጠ ነው።»

ጠጋ ብላ አሸተተች። ሽታ የለውም። ትንሽ ቆየና ማሽኑ አንዴ ፉት ብሎ ደመናው ጠፋ።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብላኝ ገባች። እኔ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።