ፕራንክ ነው እማማ!
ዛሬ ሳላውቀው ተዋናይ ሆኜ ዋልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት መተላለፊያው መሃል ዘጭ ብሎ ወደቀ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ደንግጠው ሊያነሱት ሲሉ ቦርሳቸው ተገለበጠ። የመድኃኒት ብልቃጣቸው እየተንከባለለ ወንበር ስር ገባ። ልጁ ብድግ ብሎ ሳቀ። «ፕራንክ ነው እማማ!» ለካ ጓደኛው ከኋላ ስልክ ደግኖ ይቀርጻል።

እኔም መጀመሪያ ፈገግ ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ብልቃጡን ፈልጌ ስሰጣቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ ቪዲዮውን እያዩ ይከራከራሉ። «መጀመሪያው ቀዝቅዟል፤ ከሴትዮዋ ጩኸት እንጀምረው።» ነገሩ ገባኝ። ቲክቶክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስረዳው፣ ለማን ምን እንደሚያሳይ ሲመርጥ፣ ሰውየው ረዘም ያለን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየቱ ትልቅ ክብደት አለው። ሰው እንዳያልፈው ድንጋጤያቸው ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ፊቴ ይወጣል እንዴ ልጄ?»

«እንሸፍነዋለን» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ማታ ስልኬን ስከፍት አንድ ሰው ሊፍት ውስጥ ይጨፍራል። ጥግ ላይ ቦርሳዋን ያቀፈች ሴት ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሁለቴ አየሁት፣ እሷን ብዬ። ስልኬ ግን ይሄን የት ያውቃል? ሦስት ተመሳሳይ አከታተለልኝ።