ለክራር የሠራሁት አምፕ እና የፓተንቱ ጣጣ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢሮም እዚሁ ከተማ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ግን ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ለክራሬ የቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ የድምፅ ማጉያ) ስበይድ ነው።

ከትራንስፎርመሩ ሁለት ትርፍ ሽቦዎች ይወጣሉ። ከየጥቅልሉ 43 በመቶ አካባቢ ተቀጥለው ስክሪን ግሪድ ወደሚባለው የቲዩቦቹ ውስጣዊ ክፍል ይገባሉ። አልትራሊኒየር ይሉታል። ጓደኛዬ አየና «ይሄ እኮ ፓተንት አለው» አለኝ። «ለራሴ ነው፤ ማን ምን አገባው?» አልኩት።

ተሳስቻለሁ። የአሜሪካ ሕግ ፓተንት ያለውን ነገር መሸጥን ብቻ ሳይሆን መሥራትንም መጠቀምንም ይከለክላል። «ለቤቴ ነው» የሚል ማምለጫ የለውም። የእኛው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለንግድ ያልሆነ ሥራን ነፃ ያደርጋል፤ የእንግሊዝም እንደዚያው። እርግጥ አንድ አምፕ ለሠራ ሰው ጠበቃ የሚያቆም የለም፤ ወጪውን አይመልስለትም።

ጉግል ፓተንትስ ላይ ፈለግኩ። ሃፍለር እና ኬሮስ ለአልትራሊኒየር እ.ኤ.አ. በ1952 አመልክተው በ1955 የተሰጣቸው ቁጥር 2,710,312 ነው። ያኔ ዘመኑ ከተሰጠበት ቀን 17 ዓመት ስለነበር በ1972 አብቅቷል። ዛሬ ካመለከቱበት ቀን 20 ዓመት ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ለኃይል ማቅረቢያው የመረጥኩት ሰርኪዩት አዲስ ፓተንት ላይ ተገኘ። መግቢያውን አንብቤ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ለካ መግቢያው ማንንም አያስርም! የሚያስረው መጨረሻ ላይ በቁጥር የተዘረዘረው፣ ክሌም የሚሉት ነው። የመጀመሪያው ክሌም አምስት ነገሮችን ይጠቅሳል፤ ከአምስቱ አንዱ፣ አቻውም ቢሆን፣ የእኔ ላይ የለም፤ ስለዚህ አይነካኝም። ሌሎቹ ክሌሞች ደግሞ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ከታች ስወርድ ፓተንቱ ጭራሽ ክፍያ ባለመፈጸሙ ቀሪ ሆኗል። ባለቤቱ ፓተንቱ በተሰጠው በ3 ዓመት ተኩል፣ በ7 ዓመት ተኩል እና በ11 ዓመት ተኩል ካልከፈለ ይወድቃል። ይህን መጀመሪያ ባይ ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

(በነገራችን ላይ ሊገድለኝ የነበረው ፓተንት አይደለም። አምፑን ካጠፋሁ በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው 400 ቮልት ነው።)

አሁን የአክስቴ ልጅ ለሠርግ ባንዱ ስድስት እንድሠራለት ይፈልጋል፤ እከፍላለሁ ይላል። ያ ንግድ ነው። ጠበቃ ሳላማክር አንድም አልበይድም ብዬዋለሁ። ፊት ለፊቱ ላይ ለማማር የለጠፍኩትን የታወቀ ብራንድ ስምም በቢላ ፍቄ አነሳሁት።