ከጣና ዳር ተነስቶ በረዶ ላይ መራመድ

ባሕር ዳር ያደገ ሰው በረዶን የሚያውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ነው። ትንሽ ይወርዳል፣ ልጆች ይለቅሙታል፣ ይቀልጣል፣ አለቀ። ስለዚህ ሰኔ 2010 ዓ.ም. ከጓደኛዬ ጋር የጉናን ተራራ ልንወጣ ስንዘጋጅ ስለ በረዶ አንድም ቃል አላነሳንም።

ያወራነው ስለ ጉልበት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊት ኮረብታ በሩጫ ወጣን። ከላይ ሆነን ዓባይን ቁልቁል እያየን ውሃ ጠጥተን እንወርዳለን። በቃ፣ ተራራ ወጪ ሆነናል! አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ቤዛዊት እግርን ያጠነክር ይሆናል፣ ጭንቅላትን ግን ለከፍታ አያለማምድም።

የመጀመሪያው ቀን የሞኝ ሥራ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን፣ በወረታ አልፈን፣ ደብረ ታቦር መኪና ቀይረን፣ 4 ሰዓት ላይ ጉና ሥር ያለችው ክምር ድንጋይ ከተማ ደረስን። ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ሽቅብ ጀመርን። የገብሱ ማሳ አልቆ የጓሳ ሣርና ጅብራ ሲመጣ ግንባሬን በመዶሻ የሚመታኝ መሰለኝ። ጓደኛዬ ማቅለሽለሽ ያዘው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ገደማ ነው። እኛ ደግሞ ለሰውነታችን አንድ ሌሊት እንኳ አልሰጠነውም።

8 ሰዓት ላይ ጉም ዋጠን። ነጎድጓድ ተከተለ፣ ከዚያ በረዶ። መሬቱ በአንዴ ነጣ። በስኒከር ነበርን። ያውም መረብ በመረብ በሆነ፣ የሩጫ ስኒከር። የእግሬ ጣቶች ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር። ጋቢ የደረቡ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ በጎቻቸውን እየነዱ ሲወርዱ አገኙን።

«ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«ጫፉን ልናይ ነው፣ አባቴ።»

«ጫፉ የት ይሄዳል? ውረዱ ልጆቼ፣ መብረቅ አለ።»

ወረድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስን። በዚህኛው ዙር ለጡንቻ ሳይሆን ለሰዓትና ለካልሲ ተጨነቅን። አንድ ሌሊት ደብረ ታቦር፣ አንድ ሌሊት ክምር ድንጋይ አደርን። ራስ ምታቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም አልጣለኝም። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ወጣት ቀጠርን። ጠዋት 12 ሰዓት ጉዞ ጀመርን፤ ክረምት ላይ ማለዳው ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል፣ ነጎድጓዱ የሚመጣው ከሰዓት ነው። «5 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን» ብለን ተማማልን። ይህን መሐላ ቤት ሳላችሁ ማሉት፤ ጫፉ ሲታይ ማንም አይምልም።

ማታ የጣለው በረዶ ጥላ በያዘው በኩል አልቀለጠም። ይባስ ብሎ ሌሊቱን ደርቆ አድሯል። ጠዋት ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ ስትረግጠው ይሸከምሃል። ፀሐይ ስትበረታ ግን እንደ ገንፎ ይሆንና እግር ይውጣል። መሪያችን በጓሳው ጉብታዎች መካከል አትርገጡ አለን። በረዶው እኩል ስላለበሰው ሜዳ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱም ውሃ ነው። ይህን ያረጋገጥኩት እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነው።

እግሬን ያዳነኝ ፌስታል ነው። መጀመሪያ የሱፍ ካልሲ፣ ከዚያ ፌስታል፣ ከዚያ ቡትስ። አያምርም፣ ላብም ያስቸግራል፣ የቀለጠውን ውሃ ግን አያስገባም። ሌላ ደረቅ ካልሲ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ ቁልቁል እስክወርድ አልነካሁትም። ልብስ ስትመርጡ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ አስቡ። ከጣና ዳር ጉና ጫፍ ድረስ ልዩነቱ ወደ 14 ዲግሪ ነው፣ ንፋሱ ሳይቆጠር። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚሞት ደረት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ምግብ በሶ በስኳር። የፀሐይ መነጽሬን ያየ ጓደኛዬ «አርቲስት» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ከነጩ መሬት የሚነሳው ብርሃን ዓይኑን ሲያስለቅሰው «አውሰኝ» አለ።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉን ረገጥን። ጣናን ከላይ ለማየት ጓጉተን ነበር። በምዕራብ በኩል ያየነው ደመና ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ቆመን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ዞርን።

አደጋው የመጣው ስንወርድ ነው። በረዶው ላልቷል፣ እኛም ደስ ብሎን ፈጥነናል። ጓደኛዬ ዱላውን ለመሪው መልሶለት ነበር፣ «አሁንማ ቁልቁለት ነው» ብሎ። አንሸራተተውና በእጁ አረፈ። የእጁ አንጓ እንደ ድንች አበጠ። ቁልቁለት ላይ በተረከዝ እየወጉ፣ ጉልበትን አላልቶ፣ በአጭር እርምጃ መውረድ እንደሚሻል መሪያችን ያሳየን ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ቀድመህ አልነገርከንም ስንለው «ሩጫ የምትችሉ መስሎኝ» አለ።

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ጉማራ ድልድይ ላይ ደረስን። ወንዙ ከጉና ተነስቶ ጣና ነው የሚገባው። ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይጋልባል። ጓደኛዬ እጁን በሻርፕ እንዳንጠለጠለ በመስኮት አየና «ይሄ እኮ የረገጥነው በረዶ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ በመስታወት ገረመመንና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።