በነፃ የተሰጠው ወታደር

ባሕር ዳር ውስጥ ታዳጊዎችን ቼዝ አሠለጥናለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ የወጣቶች ውድድር ላይ ያየሁት ጨዋታ አከፋፈት፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ የማስተምርበትን መንገድ ለውጦታል።

ተማሪዬ ጥቁር ነበረች። ተጋጣሚዋ በዕድሜም በልምድም ይበልጣታል። ፈረስና ቢሾፕ ቀድመው በሚወጡበት በጣልያን አከፋፈት ጀመረ። እሷ ሁለተኛ ፈረሷን ስታወጣ፣ እሱ ፈረሱን ጂ5 ላይ አስቀመጠ (የቼዝ ቤቶች የሚጠሩት እንዲህ በፊደልና በቁጥር ነው)። ፈረሱና ቢሾፑ አንድ ላይ ኤፍ7ን ያዩታል። ያንን ቤት ደግሞ ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም።

በዲ5 ወታደር ገፋች፤ በላው። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ወታደሩን በፈረስ መልሳ ብትበላ፣ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል። ንጉሡ ፈረሱን በልቶ ሲወጣ ንግሥቲቱ ከኤፍ3 ቼክ ትላለች፤ ንጉሡን ታጠቃለች ማለት ነው። ከዚያ የዲ5ን ፈረስ ለማዳን ንጉሡ ኢ6 ድረስ ሜዳ ላይ መውጣት አለበት። "የተጠበሰ ጉበት" የሚሉት ጥቃት ይህ ነው።

እሷ ግን ፈረሷን ኤ5 ላይ አድርጋ ቢሾፑን አስፈራራችው። ቢሾፑ ከቢ5 ቼክ አለ፤ በሲ6 ዘጋች፤ ወታደር ተበላሉ፤ ቢሾፑ ወደ ኢ2 ሸሸ። ፈረሱንም በኤች6 አባረረችው። ኤፍ3 ሲመለስ በኢ4 ደገመችው፤ ኢ5 ላይ ሄዶ አረፈ። አንድ ወታደር ጎድሏታል፤ ሆኖም ጨዋታው በእጇ ገባ፤ አሸነፈች።

"ወታደር በነፃ ሰጥተሽኝ እንዴት ተሸነፍኩ?" አላት ልጁ። ጠጠሮቹን መልሳ ደረደረችና "እስኪ ቁጠር። አሥር ጊዜ ተጫውተህ የተነሱት አንድ ፈረስ፣ አንድ ቢሾፕና አንድ ወታደር ብቻ ናቸው። ሌሎቹ እኮ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም" አለችው። እውነቷን ነው፤ ፈረሱ ብቻውን አራት ጊዜ ሄዷል። በጣም ኮራሁባት።

ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የሀገራችን ቼዝ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያህል ይንቀሳቀሳሉ። በቼዝ ግን በየተራው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አንዱን ፈረስ ያመላለሰ፣ ሌላውን የሚያወጣበት ጊዜ ያጣል። ልጆች ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ቶሎ ይገባቸዋል።

አሁን ይህን አከፋፈት ሳስተምር አላስሸመድድም። ዲ5 ላይ ወታደሩ እንደተበላ አቆምና "በፈረስ ብትበሉስ?" እላለሁ። ተጫውተው ይሞክሩታል። ቀጥሎ የትኛው ጠጠር ስንት ጊዜ እንደሄደ ራሳቸው ይቆጥራሉ።