«የሐይቅ ዓሣ» ወይስ «የሀይቅ አሳ»? የወሎ ድረ ገጾች ጉግል ላይ እንዲገኙ

ሐይቅ ከተማ ዓሣ ቤት ያለው ሰው ድረ ገጽ ሲያሠራ የሚጨነቀው ለቀለሙና ለፎቶው ነው። እኔ ግን ከፊደሉ ጀምሩ እላለሁ። ሐይቅን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል። ዓሣም ዓሳ፣ አሳ፣ አሣ ይሆናል። ሦስቱን በአራቱ ብታባዙ «የሐይቅ ዓሣ» ብቻውን 12 መልክ አለው። ጉግል ሁሉንም እንደ አንድ ይቆጥርልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ስልክ ላይ የሚተይብ ሰው ኪቦርዱ ቀድሞ ያወጣለትን ፊደል ነው የሚወስደው።

ስለዚህ በርዕሱ ላይ ሰው የሚተይበውን፣ በሐተታው ውስጥ ትክክለኛውን አጻጻፍ አድርጉ። ሌላው መልክ በንዑስ ርዕስ ወይም በፎቶ መግለጫ ውስጥ በወጉ ሊገባ ይችላል። 12ቱንም ገጹ ግርጌ መደርደር ግን በጉግል ደንብ ማጭበርበር ነው፤ ገጹን ወደ ታች ይጥለዋል። የትኛው እንደሚተየብ በግምት አይታወቅም። ሰርች ኮንሶል፣ ማለትም ገጻችሁ በጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ፣ ነፃ ነው፤ ሳይታችሁን አስመዝግቡና ሰዎች የጻፉትን የፍለጋ ቃል የ3 ወር ዝርዝር እዩ። በፍለጋ ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ ታይቶ ሰው ግን የማይከፍተው ገጽ ካለ መጀመሪያ ርዕሱን ጠርጥሩ።

የቃል ምርጫም እንዲሁ ነው። ደሴ ያለ ሆቴል «ምቹና ዘመናዊ ማረፊያ» ይላል፤ መንገደኛው የሚፈልገው «ደሴ የአልጋ ዋጋ» ብሎ ነው። ዋጋውን በብር፣ በጽሑፍ አስቀምጡ። ለቴሌግራም የተሠራውን ፖስተር ብቻ ለጥፎ መተው ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ምስል ውስጥ የተቀረጸ አማርኛ የገጹን ጽሑፍ አይተካም። በድሮ ፎንት፣ ያለ ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ ከሚያነቡት የፊደል ሥርዓት ውጭ) የተተየበ ሰነድም ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ እንደገና ይተየብ።

ርዕስ በፍለጋ ውጤት ላይ የሚቆረጠው በስፋቱ ነው። የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ከ35 እስከ 40 ፊደል ውስጥ ጨርሱ፤ የቦታውና የአገልግሎቱ ስም ይቅደም፣ የድርጅቱ ስም ይከተል። የገጹን አድራሻ ግን በላቲን ፊደል አሳጥራችሁ ጻፉት። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አድራሻ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ስለሚዘረዘር፣ ባለ ሁለት ፊደሏ «ደሴ» 18 ምልክት ትሆናለች። እንዲህ ያለ ሊንክ ሲላክ ይቆረጣል፣ ሰውም አያምነውም።

ፍጥነትን በተመለከተ ጉግል የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል። የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ በቀጥታ የተጫነ ፎቶ ነው። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱ፣ ዌብፒ (WebP) ወደሚባለው ቀለል ያለ የምስል ፋይል ዓይነት ቀይሩ፣ ከ150 ኪሎባይት በታች አድርጉት።

ላሊበላ ላይ ለገና እንግዳ የምትቀበሉ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ገጽ አትክፈቱ። አንዱን አድራሻ ይዛችሁ ቀኑንና ዋጋውን ብቻ አድሱ፤ ባለፉት ዓመታት ከሌሎች ገጾች ወደ እናንተ የተሰበሰበው ሊንክ ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። ማደሱንም ለታኅሣሥ አታቆዩት፤ የውጭ አገር እንግዳ ጉዞውን የሚያቅደው ከወራት በፊት ነው።

የጉግል ካርታ መረጃችሁ ላይ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የሚሠራ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 9 ተብሎ ይሞላል። እንዳለ 2 AM እና 3 PM ተብሎ ከተሞላ፣ ጉግል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚዘጋ ቤት አድርጎ ያሳየዋል። ለእራት የሚመጣው ደንበኛ «ተዘግቷል» የሚለውን አይቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ዛሬውኑ ከፍታችሁ አረጋግጡ።