ያለ ኮምፒውተር የጀመርነው ኮምፒውተር ሳይንስ

ለጀማሪዎች ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተማር የምታስቡ ካላችሁ፣ ኮምፒውተር ፍለጋ አትሩጡ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ጥሩ ልጆች አያመልጡኝም ነበር።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ትምህርቱ ዛሬ ጥሩ እየሄደ ነው፣ እኮራበታለሁም። እዚህ እስክደርስ ያየሁትን ግን ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈልግም።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበል። ተማሪ ማግኘት አያስቸግርም። የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፣ ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ሰምተው የመጡም ነበሩ። ነጭ ሰሌዳ መርካቶ ይገኛል። ማርከር የትም አለ።

ያቃጠለኝ የአዳራሹ ነገር ነው።

አቅራቢያችን ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን የሚውል አዳራሽ አለ። ለሚያስተዳድረው ቢሮ አመለከትኩ። ደብዳቤ አስገባ አሉኝ፣ አስገባሁ። ፕሮፖዛል ይያያዝ አሉኝ፣ አያያዝኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ፤ ነገ ስመለስ መስክ ወጥተዋል። እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነው፣ ብዙም አልከፋኝም። በመጨረሻ ቅጽ ሰጡኝ። ቅጹ ላይ "የኮምፒውተር ብዛት" የሚል ቦታ አለ። "የለም" ብዬ ሞላሁ። ቅጹን የተቀበለኝ ባለሙያ አየት አደረገኝና "ወንድሜ፣ ኮምፒውተር የሌለበት የኮምፒውተር ትምህርት የት አለ?" አለኝ።

ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 የዚህን ሳይንስ መሠረት ሲጥል፣ ዛሬ ኮምፒውተር የምንለው ማሽን ገና አልተሠራም ነበር። ቱሪንግ መነሻ ያደረገው በእርሳስ ወረቀት ላይ የሚያሰላን ሰው ነው። ሰውየው የሚሠራውን እስከ መጨረሻው ድረስ በታተነው። ወረቀቱ በካሬ የተከፋፈለ ነው። ሰውየው በአንድ ጊዜ አንድ ካሬ ያያል፣ ምልክት ይጽፋል ወይም ይሰርዛል፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። የትኛውም ስሌት በዚህ ይሠራል አለ። ጥያቄው የመጣው ከፍልስፍናና ከሒሳብ መሠረት ነው። ሂልበርትና አከርማን የሚባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1928 "አንድ የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ሎጂክን ተከትሎ የሚረጋገጥ መሆን አለመሆኑን ሁልጊዜ የሚለይ አንድ የተወሰነ መንገድ አለ ወይ?" ብለው ጠይቀው ነበር። ቱሪንግ የለም ብሎ መለሰ፤ በዚያው በ1936 አሎንዞ ቸርች የሚባል ሌላ የሒሳብ ሊቅም በሌላ መንገድ እዚያው ደርሷል። ማሽኑ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ባለሙያው ሰማኝ። ከዚያ "እሱ ቲዎሪ ነው፣ ለወጣቱ የሚያስፈልገው ክህሎት ነው" ብሎ ቅጹን መለሰልኝ።

አንድ ጓደኛዬ መሥሪያ ቤቱ የተዋቸውን አሮጌ ዴስክቶፖች አስፈቅዶ ሰጠኝ። ሚኒባስ ተከራይቼ አመጣኋቸው። ቅጹ ተሞላ፣ ማህተም ተመታ። ማስተማሪያ ሰነድም አብሮ ተሰጠኝ፦ የኮምፒውተር ክፍሎች፣ ኪቦርድ፣ ወርድ፣ ኤክሴል፣ ከዚያ ሰርተፍኬት። የመጀመሪያው ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ለሪፖርት ፎቶ ተነሳን። ከዚያ በኋላ ከቢሮው ማንም አልመጣም።

ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱን ስክሪን ከበው ይቆማሉ። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ማውሱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ከጀርባው ያያሉ። ሴቶቹ ሁልጊዜ ከኋላ ናቸው። "ኮምፒውተር ማለት መረጃ ተቀብሎ፣ አቀነባብሮ ውጤት የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው" የሚለውን ከትምህርት ቤት ሸምድደውት መጥተዋል፤ ሰነዱ እንደገና አጽፋቸው ይላል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ያበቃል። መብራት ደግሞ ይጠፋል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ገና በመጀመሪያው ቀን እጇን አውጥታ "ጋሼ፣ የምንጽፈው ነገር ለኮምፒውተሩ ይገባዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። የዚህ ሁሉ ትምህርት ልቡ ይህ ጥያቄ ነው። በዚያ ቀን ሰነዱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ማድመቅና ማስመር ነበር። ቅዳሜ ደግሞ እነሱ ብሎክ ውሃ የሚመጣበት ፈረቃ ነው፣ የምትቀዳው እሷ ነች። ውሃውን ትታ የምትመጣበት ምክንያት አልሰጠናትም። ቀረች። ቤተሰቦቿም ሰፈር ቀየሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያንን ቅጽ ባሰብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ እሷ ነች።

ቀስ በቀስ ሌሎቹም ሳሱ። ከዚያ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገ፣ "ለጊዜው" ተባልን። ኮምፒውተሮቹ እዚያው ተቆልፈው ቀሩ። ቁልፍ ስጠይቅ ማን ጋ እንዳለ የሚነግረኝ አጣሁ።

የዳንነው የብሎካችን ኮሚናል ውስጥ ነው። የኮሚቴው አባል የሆኑ እናት ነገሩን ሲሰሙ "ለልጆች ነው አይደል? እንካ ቁልፉን። ለቅሶ ካለ ግን ትለቃለህ" አሉኝ። ቅጽ የለም፣ ማህተም የለም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ስንት ኮምፒውተር አለህ ብሎ የሚጀምር ቢሮ ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፣ ወደ ኮሚቴው ወይም ወደ ዕድሩ ሂዱ። ዕድር ወንበርም አለው።

ማሽን በሌለበት ክፍል ውስጥ ታዲያ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን በሚወጣበት ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ ጀመርን። የ2016ን ፋሲካ እናውጣ አልኳቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 2016፣ 7516። ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል። አንድ ሲቀነስ 10፣ ይህ ወንበር ነው። 10 በ11፣ 110፤ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 20፣ ይህ አበቅቴ ነው። 10 በ19፣ 190፤ በ30 ሲገደፍ 10፣ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። "ከሆነ፣ ካልሆነ" የሚለውን የፕሮግራም መሠረት እዚህ ጋ ራሳቸው አዩት። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር፣ የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር) 8 ነው። 10 እና 8፣ 18። መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቆጥረው ሚያዝያ 27 ላይ ደረሱ። ስልካቸውን አውጥተው አመሳከሩ፣ ልክ ነው።

ቀድሞ የጨረሰው አንድ ሙስሊም ተማሪዬ ነበር። "አበቅቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን 20 ነው" አለ። ሌላው ወዲያው "ሳታውቀው እንዴት አሰላኸው?" አለው። ክፍሉ ተነሳ። ደንቡን መከተል ማወቅ ነው? ደብተሩ ነው ያወቀው ወይስ ልጁ? ወይስ ደንቡን መጀመሪያ የቀመሩት ሊቃውንት ናቸው ያወቁት? ያኔ ፈላስፋው ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበውን የቻይንኛ ክፍል ነገርኳቸው። ቻይንኛ የማይችል ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የደንብ መጽሐፍ እያየ፣ በቻይንኛ ለተጻፈ ጥያቄ በቻይንኛ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። ቋንቋው ገብቶታል ወይ? ቱሪንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950 ማሽን ያስባል ወይ ከማለት ይልቅ፣ በጽሑፍ ስናወራው ከሰው እንለየዋለን ወይ ብለን እንጠይቅ ማለቱንም ጨመርኩላቸው። ተከራከሩ። አልፈረድኩም፣ እናንተም አትፍረዱ። ያቺ ልጅ የጠየቀችው ይህንን ነበር።

በሌላ ቅዳሜ የኮላትዝን ጥያቄ ሰጠኋቸው። ቁጥር ውሰዱ። ለ2 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ለ2 አካፍሉ፣ ጎዶሎ ከሆነ በ3 አባዙና 1 ደምሩ። 1 ላይ ስትደርሱ ቁሙ። 6 ቶሎ ያልቃል። 27ን የያዙት ልጆች ግን ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገጽ ገለጡ፣ 9232 ድረስ ወጡ። 111 እርምጃ ነው። መሃል ላይ አንዱ "ይሄ ነገር መቆሙን በምን እናውቃለን?" አለ። ሁሉም ቁጥር 1 ላይ ይደርሳል ብሎ እስካሁን ያረጋገጠ የለም። ከዚያ ተነስተን ወደ ቱሪንግ ውጤት ሄድን፦ የትኛውንም ፕሮግራም አይቶ "ይቆማል" ወይም "አይቆምም" ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። አለ እንበል። እሱን ይዤ፣ "ይቆማል" ሲለው የማይቆም፣ "አይቆምም" ሲለው የሚቆም ሌላ ፕሮግራም እሠራለሁ። መላሹን ስለዚህ ስለ ሠራሁት ፕሮግራም ብጠይቀው ምን ይመልሳል? የቱንም ቢመልስ ይሳሳታል። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህንን ሲረዱ አይቻለሁ። "ለጀማሪ ይከብዳል" የሚሉኝን ስለዚህ አልሰማም።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያመጣሁት ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም በስልክ። ስልክ ላይ የሚሠራ የፓይተን አፕ አለ። ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ይጋራል፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ስለሚመጣ ማን እንደያዘው ብዙ ለውጥ የለውም።

በአማርኛ አስተምሩ። ሰርተፍኬት አለው ወይ ለሚል ወላጅ የለውም በሉ። እኔም አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ወሰዱብኝ፣ የቀሩት ግን በደንብ ቀሩ። ሰነዱ በመጀመሪያው ቀን ኪቦርድ አስነኩ ይላል፤ እኔ እስኪጓጉ አስቆዩ እላለሁ።

ደብተሩ ባለ ካሬ ይሁን፣ ለቱሪንግ ማሽን፣ ማለትም ካሬ በካሬ እየታየ ለሚሠራው ለዚያ የቱሪንግ ስሌት፣ ይጠቅማል። የመጀመሪያ መልመጃ ከፈለጋችሁ ይህንን ስጡ። በካሬዎቹ ላይ 1011 ይጻፉ፣ ከቀኝ ጫፍ ይጀምሩ። ያለው 1 ከሆነ አጥፍተው 0 ይጻፉና አንድ ካሬ ወደ ግራ ይሂዱ። 0 ወይም ባዶ ከሆነ 1 ጽፈው ይቁሙ። 1100 ማግኘት አለባቸው፤ በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፍ ቁጥር ላይ አንድ ደመሩ ማለት ነው። ከዚያ ምን እንደሠሩ ሳትነግሯቸው ጠይቋቸው።