ባዝራ ስታምጥ ጊዜው አጭር ነው

የላምን ወሊድ የለመደ ሰው ለባዝራ ምጥ ከሚገባው በላይ ይታገሣል። የባዝራ ምጥ ኃይለኛና ፈጣን ነው፤ የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ትገላገላለች። የእንግዴ ልጁም ከማህፀን ግድግዳ ቶሎ ስለሚላቀቅ፣ ወሊዱ ከዚህ በላይ ሲራዘም ውርንጭላው ኦክስጅን እያጣ ይሄዳል። ለባለ ፈረሶች አስቀድሜ የምመክረው ውሃው የፈሰሰበትን ሰዓት እንዲይዙና በ10 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ካላዩ ሐኪም እንዲጠሩ ነው።

በትክክለኛው አመጣጥ ሁለቱ የፊት እግሮች፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ቀድሞ፣ ሰኮናቸው ወደ መሬት ዞሮ ይወጣሉ፤ አፍንጫውም በላያቸው ተጋድሞ ይከተላል። አንድ እግር ብቻ ከታየ፣ ወይም የሰኮናው የታችኛው ገጽ ወደ ላይ ከዞረ፣ አመጣጡ መጣመሙን መጠርጠር ይገባል። የውርንጭላ አንገትና እግር ረጅም በመሆኑ የታጠፈውን ማቃናት ለሠለጠነ እጅም ከባድ ነው። ሐኪሙ እስኪደርስ ባዝራዋን አስነሥቶ ቀስ እያሉ ማራመድ ምጡን ያበርዳል፤ ብዙ ሰው ተሰብስቦ መጎተት ግን (ደግ አሳቢዎች የሚቸኩሉት ወደዚህ ነው) የወሊድ መንገዱን ይቀድዳል።

ሐኪም የማይጠበቅበት አንድ ሁኔታ አለ። ነጣ ያለው ስስ ሽፋን በሚታይበት ቦታ እንደ ከፋይ ያለ ቀይ ሽፋን ብቅ ካለ፣ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቅቋል ማለት ነውና እዚያው ቀድዶ ውርንጭላውን ማውጣት ያስፈልጋል።

ከወሊድ በኋላ የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልወጣ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። መጎተት ክልክል ነው፤ እንዳይረገጥ ቋጥሮ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። በማህፀን ውስጥ የቀረች ትንሽ ቁራጭ እንኳ ወደ ደም የሚገባ መርዝና እስከ ማንከስ የሚያደርስ የሰኮና ብግነት ልታስከትል ስለምትችል፣ የወጣው ሁሉ በንጹሕ ባልዲ ተይዞ ለሐኪሙ መታየት አለበት።

በዕድሜ የገፋች ባዝራ ከወለደች በኋላ ካላባት፣ ሆዷን እንደ ቁርጠት ካመማትና ድዷ ከነጣ፣ የማህፀን ደም ሥር ተቀድዶ ወደ ውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል። ለተጣመመ ወሊድ የሚጠቅመው ማራመድ እዚህ ላይ ይገድላታል፤ ደም ግፊቷ ሲጨምር የረጋው ደም ስለሚላቀቅ፣ ሐኪም እስኪመጣ ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ጋጣ ከውርንጭላዋ ሳትለይ ትቆይ።